ብሩ መቼ ይገባል፣ መቼ ይወጣል?

(በጅማ ለደመወዝተኛ፣ ለነጋዴና ለቡና አምራች ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣

ነሐሴ 30 ደመወዝ የተቀበለ ሠራተኛ ቀጣዩን የሚያገኘው መስከረም 30 ነው። በመካከሉ ጳጉሜን አለች። ሠላሳ ቀን የለመደው ኪስ 35 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 36 ቀን መድረስ አለበት። በነዚሁ ቀናት ውስጥ እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። በወር 12,000 ብር የሚገባለት ቤት በሌላው ወር ለቀኑ 400 ብር ሲደርሰው፣ በዚህ ጊዜ 343 ብር ገደማ ነው የሚደርሰው፤ ወጪው ግን ከዓመቱ ሁሉ የከበደ ነው። ይህ በየዓመቱ ቀኑን ጠብቆ የሚመጣ ነገር ነው። እንዲያም ሆኖ በብዙ ቤት መስከረም ሲጋመስ ባልና ሚስት «ገንዘቡ የት ገባ?» ተባብለው ይኳረፋሉ። ገንዘቡ የትም አልገባም፤ ቀኑ ነው የረዘመው።

ስለዚህ ዛሬ ደጋግመን የምንለው አንድ ነገር ነው። በቤታችሁ ስለ ገንዘብ ስትነጋገሩ «ስንት?» ከማለታችሁ በፊት «መቼ?» በሉ። «ስንት ገባልህ?»፣ «ስንት አጠፋሽ?» የሚሉት ጥያቄዎች ምርመራ ይመስላሉ፤ የተጠየቀው ሰው ወይ ይደብቃል ወይ ይቆጣል። «ዘንድሮ የሚጠብብን ወር የትኛው ነው?» ሲባል ግን ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ ያቀረቅራሉ። የብሩ መጠን ከዚያ በኋላ ሳይጎተት ይወጣል፤ ወሩን ለመሙላት ቁጥር ያስፈልጋላ። «ገንዘብ የእጅ እድፍ ነው» እየተባለ ያደገ ሰው ስለ ብር ማውራትን ከስስት ይቆጥረዋል። ስለ ቀን ማውራት ግን ማንንም አያሳፍርም።

ጅማ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። እዚህ ቡና የሌለው ሰው እንኳ የሚኖረው በቡና ቀን ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ እሸት ሲለቀም፣ በጅማው መርካቶ ያለው ልብስ ሻጭና ቆርቆሮ ነጋዴ፣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ከቡናው ብር ይደርሰዋል። ክረምት ሲገባ የሱቁ የዱቤ ደብተር ይወፍራል። የአንድ ከተማ ሰው ሁሉ በአንድ ወቅት እጁ ሲያጥር፣ አበዳሪ ጎረቤትም አይገኝም።

መሣሪያችሁ አንድ ትልቅ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ እርሳስና ላጲስ ነው። እስክሪብቶ አትጠቀሙ፤ ወረቀቱ ዓመቱን ሙሉ ይታረማል። ወደ ጎን አስተኝታችሁ 14 ዓምድ አስምሩ፤ የመጀመሪያው ለመጠሪያ፣ የቀሩት 13ቱ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ላሉት ወሮች። ወደ ታች ስድስት ረድፍ ይበቃል፦ የሚገባ ብር፣ በየወሩ የማይቀር ወጪ፣ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚመጣ ወጪ፣ እቁብና እድር፣ ዕዳ፣ በመጨረሻም ቀሪ።

በመጀመሪያው ዙር ምንም ቁጥር አትጻፉ። ብር በሚገባበት ወር ላይ ክብ፣ ከባድ ወጪ ባለበት ወር ላይ መስቀለኛ ምልክት ብቻ አድርጉ። ክብ የሌለበትና መስቀለኛው የተደራረበበት ወር ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። የዚያን ቀን ሥራ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይሻላል፤ ቁጥሩን በሳምንቱ ሙሉት። ሁለቱን በአንድ ቀን ለመጨረስ የሚሞክሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ ይጣሉና ወረቀቱ ይታጠፋል።

ቀኑንም ምረጡ። ዕዳ ጠያቂ በር አንኳኩቶ በሄደበት ምሽት አይጀመርም። ደመወዝ ከገባ በኋላ ባለ የዕረፍት ቀን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ይበቃል። በረካው ከተጠጣ ያላለቀው ለሌላ ቀን ይደር።

ቁጥር ሲጻፍ ለገቢ ዝቅተኛውን፣ ለወጪ ከፍተኛውን ያዙ። ትርፍ ሰዓት፣ አበል፣ «ሊጨመር ነው» የተባለ ደመወዝ በገቢ ረድፍ አይገባም። በዓመት አንዴ የሚመጣው ወጪ ደግሞ ገንዘብ በሚገባባቸው ወሮች ይካፈላል። ለምዝገባ 6,000፣ ለዩኒፎርምና ለደብተር 3,000፣ ለመስከረም በዓላት 5,000፣ በድምሩ 14,000 ብር የሚያስፈልገው ደመወዝተኛ ቤት ከጥቅምት እስከ ነሐሴ ባሉት 11 ወሮች በየወሩ 1,300 ብር ቢያስቀምጥ መስከረምን በ14,300 ብር ይቀበላታል። ይህ ብር ከየዕለቱ የአስቤዛ ሂሳብ ጋር ከተቀላቀለ ግን የለም ማለት ነው። በቴሌብር ወይም በካርድ የማይነካ ሌላ ደብተር ክፈቱለት፤ ገንዘቡ የሚገኘው ቅርንጫፉ ድረስ ተሂዶ ከሆነ፣ የመንገዱ ርቀት ራሱ ይጠብቀዋል።

አንድ የሚረሳ ነገር እናንሣ። የዘመን መቁጠሪያችን ቋሚ ቢሆንም በዓላቱ ሁሉ ቋሚ አይደሉም። የሒጅራው ዓመት ከኛው በ10 ወይም በ11 ቀን ስለሚያጥር ሁለቱ ዒዶች በየሦስት ዓመቱ አንድ ወር ያህል ቀደም እያሉ ይመጣሉ። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ 2 የዋለው አረፋ በ2018 ግንቦት ውስጥ ገብቷል። ዒድ አልፈጥር ደግሞ በ2018 መጋቢት ላይ ነው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ጥር ይጠጋል፣ ማለትም የቡና ብር እጅ ላይ ወዳለበት ጊዜ። አረፋ በክረምት በሚውልባቸው ዓመታት የበጉ ገንዘብ ከጥር ጀምሮ ካልተያዘ በዱቤ ነው የሚገዛው። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ወረቀት እንዳለ አትገልብጡ፤ የረመዳንን፣ የዒዶቹንና የፋሲካን ወር በየዓመቱ አዲስ ሙሉ።

አሁን ወደ ቡናው ቤት እንግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

አንድ ቤተሰብ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከቡና 240,000 ብር አገኘ እንበል። ይህ ብር እጅ ላይ ሲደረደር ብዙ ነው። ለለቃሚና ለማጓጓዣ 40,000 ብር ሲወጣ 200,000 ይቀራል። ለሚቀጥለው ዓመት ምንጣሮ፣ ለጉንደላና ለችግኝ 30,000 ይያዝ። የክረምቱ ዕዳ 20,000 ይከፈል። 150,000 ቀረ። ከዚህም ላይ ሌላ 30,000 ይነሣል፤ ቡና አንድ ዓመት አብዝቶ ከሰጠ በሚቀጥለው ይቀንሳል፣ ይህን ቡና የተከለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሆኖም ሲበጅት ግን ሁልጊዜ የጥሩውን ዓመት ይዞ ነው። 120,000 ብር ቀረ። ይህ ከየካቲት እስከ ኅዳር ላሉት 10 ወሮች ሲካፈል በወር 12,000 ብር ነው። ያ ሁሉ ብር የአንድ ደመወዝተኛ ደመወዝ ሆኖ አረፈ። ሂሳቡን ገንዘቡ ሳይገባ፣ ገና መስከረም ላይ አብሮ የሠራ ቤተሰብ ታኅሣሥ ላይ ሞተር ብስክሌት ይገዛ አይገዛ ብሎ አይጣላም፤ መልሱ ወረቀቱ ላይ አለ።

ቡናው በእሸቱ ይሸጥ ወይስ ይድረቅ የሚለውም የቀን ጥያቄ ነው። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን ማጠቢያ ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ካደረ ይፈላል፣ ጥራቱም ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ እሸት ፈጣን ብር ነው፤ ለለቃሚ ክፍያና ለአንገብጋቢ ዕዳ ይሆናል። ጀንፈል፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የሚደርቀው ቡና፣ ግን በአግባቡ ከደረቀ ይጠብቃል። ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ደርቆ፣ በጆንያ ተሞልቶ፣ ከወለሉም ከግድግዳውም በተራቀ ርብራብ ላይ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ ሆኖ ከታሰረ ይሻግታል፤ ተሽጦም ገዢው ይቀንስበታል። ጀንፈሉን ሁሉ ይዞ ዋጋ ይወጣል ብሎ መጠበቅም ቁማር ነው፤ ዋጋው ሊወርድ፣ ሌባ ሊገባ፣ ክብደቱም ሊቀንስ ይችላል። እኛ የምንመክረው በሦስት መክፈልን ነው፤ አንዱ እጅ በእሸት፣ ሁለተኛው ጥር ላይ በጀንፈል፣ ሦስተኛው ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ፣ የክረምቱ ወጪ ከመድረሱ በፊት። ያኔ የሚሸጠው ስንት ፈረሱላ እንደሆነ ከአሁኑ ይጻፍ። ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ልጆችም ይወቁ፤ ሚዛን ላይ ስትቆሙ አብረዋችሁ ይቁሙ።

ይህ ሳይደረግ ሲቀር የሚመጣውን ሁላችሁም አይታችሁታል። ነሐሴ ላይ እህል ያልቃል፣ ልጅ ይታመማል፣ ምዝገባ ይደርሳል። አበዳሪ 10,000 ብር ይሰጣል፤ ኅዳር ላይ 16,000 ብር የሚያወጣ ቡና ይወስዳል። በሦስት ወር 6,000 ብር፣ ማለትም 60 በመቶ። ስሙ ሽያጭ ቢባልም ሥራው የአራጣ ነው፤ አራጣ ደግሞ በወንጀል ሕጉ የተከለከለ ነው። ከዚህ የሚብሰው ወለድ አገድ ነው፤ የቡናው መሬት በመያዣ ይሰጥና አበዳሪው ምርቱን በወለድ ፈንታ እየለቀመ ይኖራል፣ ዋናው ዕዳ ግን አንድ ብር አይቀንስም። ባለመሬቱ በገዛ ቡናው ውስጥ የቀን ለቃሚ ሆኖ ሲቀር ማየት ልብ ይሰብራል። ከዚህ የሚያድነው ብር ደግሞ ብዙ አይደለም። ያቺው 10,000 ብር ናት፤ ታኅሣሥ ላይ ተለይታ ብትቀመጥ ኖሮ ነሐሴ ላይ ትገኝ ነበር።

ለሱቅ ባለቤቶች አጭር ነገር እንበል። የሱቁ መሳቢያና የቤቱ ኪስ አንድ ከሆኑ ነጋዴው አትርፎ ይሁን ከስሮ አያውቅም። ለቤቱ ሳምንታዊ የአስቤዛ ብር ቁረጡ፤ ቅዳሜ ይሰጥ። ከመደርደሪያ የሚነሣው ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና በገዙበት ዋጋ ይጻፍና ከዚያው ላይ ይቀነስ። ሚስት ሱቁ ውስጥ የምትሠራ ከሆነ ድርሻዋ በስሟ ይጻፍ፤ «ሁሉም የኛ ነው» የሚለው ቃል ጠብ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው።

እቁብ ግሩም ነገር ነው፤ ቀኑ ሳይታይ ሲገባበት ግን ይጎዳል። 24 ሰው በሳምንት 1,000 ብር ቢጥል ዕጣው 24,000 ብር ነው። በሦስተኛው ሳምንት የወጣለት ሰው 3,000 ጥሎ 24,000 ወሰደ፤ 21 ሳምንት ዕዳ አለበት። በመጨረሻ የወጣለት ደግሞ 24 ሳምንት ያለ ወለድ ቆጠበ። አንዱ ተበዳሪ ነው፣ ሌላው ቆጣቢ ነው፤ የትኛው እንደምትሆኑ የሚወስነው ዕጣው ነው። ስለዚህ ቀን ላለው ጉዳይ፣ ለምሳሌ ለመስከረም ምዝገባ፣ እቁብን ብቻ አትመኑ፤ ወይም ተራችሁን አስቀድማችሁ ከዳኛውና ከጸሐፊው ጋር ተነጋገሩበት። ጅማ ላይ በብዛት የሚታየው ስሕተት ደግሞ ይህ ነው፤ ነጋዴው ኅዳር ላይ ገበያው በሞቀ ጊዜ ትልቅ እቁብ ይገባል፤ ሰኔ ላይ ሽያጩ ሲቀዘቅዝ የሚጥለው ብር ግን ያው ነው። ያኔ የሱቁን ዕቃ መግዣ እያነሣ መጣል ይጀምራል። ከዚያ አንዱን እቁብ ለመክፈል ሌላ እቁብ ይገባል። መጠኑን በሰኔ ገቢያችሁ ለኩት። በሰኔ ገቢ ሲለካ እቁባችሁ ሁሉ ተደምሮ ከሩቡ ካለፈ ይበዛል። በስልክ የሚገኘው ፈጣን ብድርም እንደዚሁ ነው፤ የአንድ ሳምንት ክፍተት ይሸፍን ይሆናል፣ ደመወዙ በገባ ሰዓት ተቆርጦ ሲሄድ ግን ቀጣዩን ወር ቀድሞ ይበላዋል። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ይሆናል።

እድራችሁ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ የቀብሩን ወጪ ይችላል። ለታመመ ሰው ግን ብዙው እድር አይከፍልም። ለዚህ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ፤ ደመወዝተኛ ላልሆነው ቤተሰብ፣ ለገበሬውና ለአነስተኛ ነጋዴው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዷ የኛው ሊሙ ኮሳ ነበረች። መዋጮው በዓመት አንዴ በቤተሰብ ይከፈላል፤ ምዝገባውም የራሱ ወቅት አለው። ሰው ሽፋኑን የሚያጣው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዘንድሮ አልታመምንም ብሎ ሳያሳድስ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሪፈራል ሆስፒታል ይሄዳል። የማሳደሻውን ወር ከቀበሌ ጠይቃችሁ ወረቀቱ ላይ በቀይ አክብቡት።

የተቀመጠው ብር የት ይሁን? ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ነው። ወለድ ለማይፈልጉ ወለድ አልባ አካውንት በብዙ ባንኮች አለ፤ ከ2013 ጀምሮም ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ዋስትና ይሰጣል። የገበያው ዋጋ ከ7 በመቶ በላይ በሚጨምርበት ዓመት የተቀመጠ ብር አቅሙ ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም በስምንት ወር ውስጥ የምትፈልጉትን ብር ከዋጋ ንረት ለማዳን ብላችሁ መሬት ወይም ወርቅ ውስጥ አታስገቡት። ወርቅ ስትሸጡ የሠሪው ዋጋ ይቀራል፤ መሬት ደግሞ በምትፈልጉት ሳምንት ገዢ አያገኝም። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚፈለገው ገንዘብ ግን ያስኬዳል።

አሁን ከሁሉም የሚከብደው ረድፍ ላይ ደረስን፤ ዕዳና ዋስትና።

ባልና ሚስት ደመወዛቸውን ተነጋግረው እንኳ ዋስትናቸውን ይደባበቃሉ። ለሥራ ባልደረባ፣ ለአጎት ልጅ፣ ለእቁብ ጓደኛ የተፈረመ ዋስትና ለዓመታት ተኝቶ አንድ ቀን ይነቃል። ዋስትና ዕዳ ነው፤ ቀኑ ያልታወቀ ዕዳ። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ቦታ ይሰጠው፦ ለማን፣ እስከ ስንት፣ እስከ መቼ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠን ያልተጻፈበትን የዋስትና ውል ዋጋ አይሰጠውም፤ ስለዚህ መጠኑ ባዶ የተተወ ቅጽ አትፈርሙ፤ በኋላ ማን እንደሚሞላው አታውቁም። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ካለበት ደግሞ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ በቀጥታ እናንተ ዘንድ ሊመጣ ይችላል።

በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ክርክር የገጠመው ሰው ጉዳዩን የክልሉን ሕግ ለሚያውቅ ጠበቃ ያሳይ። ለኛ ለዛሬው የሚጠቅመን ግን ሌላ ነው። «ባለቤቴን ሳላማክር አልፈርምም፤ ሕጉም አይፈቅድልኝም» የሚለው መልስ ዘመድ ሳያስቀይም ሁለት ቀን ያስገኛል። በሁለት ቀን ውስጥ ብዙ ነገር ይታሰባል።

ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ራሱ ካመነ፣ ወይም በመሐላ ነው። ምስክር ብቻ አይበቃም። ወረቀቱ ላይ የሁለቱ ሙሉ ስም፣ መጠኑ በአኃዝና በፊደል፣ የተሰጠበት ቀን፣ የሚመለስበት ቀን፣ ፊርማና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይኑር። ሲመለስም በባንክ ይመለስ ወይም «ተቀብያለሁ» ተብሎ ይፈረም። ወንድምን ማስፈረም ነውር ነው የምትሉ፣ እንዲህ በሉት፦ «ነገ እኔ ባልኖር ልጆቼ እንዳይጨቀጭቁህ እንጻፈው።» ይህ አባባል ነገሩን ከጥርጣሬ አውጥቶ ለተበዳሪው የሚያስብ ያደርገዋል፤ እውነትም ነው። ደግሞ በየዓመቱ ለዘመድ የሚሆን ቁርጥ ያለ ብር በወረቀቱ ላይ ያዙ። ብድር ሲጠየቅ «ለዘንድሮ የያዝነው ይህችው ናት፣ መመለስ የለብህም» ብሎ ትንሹን በስጦታ መስጠት፣ ትልቁን አበድሮ ወንድም ከማጣት ይሻላል።

ከዞናችን ብዙ ሴት ልጆች ወደ ዓረብ አገር ሄደው ይሠራሉ። የእነርሱ ብር የሚጠፋበት መንገድ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ልጅቷ «ለቤት መሥሪያ» ብላ ትልካለች፣ እዚህ ያለው ቤተሰብ «ለኑሯችን» ብሎ ይቀበላል። ማንም አልሰረቀም፤ ቃሉ ቀድሞ አልተለየም። ከመሄዷ በፊት ወይም አሁኑኑ በስልክ ይለይ፦ ከሚላከው ስንቱ የወላጅ ነው፣ ስንቱ የእሷ ነው። የእሷ በእሷ ስም በተከፈተ ሂሳብ ይግባ፤ የወላጅ በወላጅ። በባንክ የተላከ ገንዘብ ወረቀት አለው፤ በሰው እጅ የተላከ ግን ነገር ሲመጣ ማስረጃ የለውም። ውክልና የምትሰጥ ከሆነ ርዕሱን አትመን፤ ውስጡን ታንብብ። ጠቅላላ ውክልና በሕጉ ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ለመሸጥና በመያዣ ለማስያዝ ግን በግልጽ የተጻፈ ሥልጣን ያስፈልጋል። በተዘጋጀው ቅጽ ላይ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ ስጦታ መስጠት» የሚሉት ቃላት ብዙ ጊዜ ተደርድረው ይገኛሉ፤ የማትፈልገውን ታሰርዝ።

ሽማግሌ ወላጆችን ስለ ንብረታቸው መጠየቅ ለልጅ ከባድ ነው፤ «ሞቴን ትጠብቃለህ ወይ?» የሚል ቅያሜ ያመጣል። ከሰነድ ጀምሩ፣ ከሞት አትጀምሩ። «አባባ፣ የመሬቱ ደብተር ምስጥ እንዳይበላው ፕላስቲክ ውስጥ እናድርገው» ማለት ይቻላል። ደብተሩ ሲወጣ ሌላው አብሮ ይወጣል። የማይቻል ከሆነ አባታችሁ የሚያከብሩት አጎት ወይም የሃይማኖት አባት ያንሡላችሁ። ለየብቻችሁ ከምትጠይቁ ወንድምና እህት አንድ ላይ ሆናችሁ ጠይቁ፤ ብቻውን የጠየቀ ልጅ በኋላ ይጠረጠራል።

ኑዛዜ ለመጻፍ የሚፈልጉ ወላጆች የሚሳሳቱበት ቦታ ይታወቃል። በእጅ የሚጻፈው ኑዛዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተናዛዡ በራሱ እጅ መጻፍ አለበት፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት፤ በእያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ይኖረዋል። ልጅ በኮምፒውተር ጽፎ አባት የፈረመበት ወረቀት ይህን አያሟላም። በሌላ ሰው እጅ የሚጻፍ ከሆነ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ሁሉም ይፈርማሉ። ጉዳያቸው በሸሪዓ እንዲታይ የሚፈልጉ ቤተሰቦች ሳይጽፉ በፊት ቃዲ ይጠይቁ፤ በዚያ ሥርዓት መናዘዝ የሚቻለው እስከ ንብረቱ አንድ ሦስተኛ ድረስ ነውና።

ጡረታም አለ። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ይገባል። ሠራተኛው ሲሞት ለትዳር ጓደኛ የጡረታው 50 በመቶ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይከፈላል፤ ሆኖም የጋብቻና የልደት ማስረጃ ካልተሟላ ተተኪዎች ለወራት ይንከራተታሉ። እዚህ ጅማ ላይ አንድ የተለየ ችግር አለ። የአንድ ሰው ስም በአንዱ ሰነድ በቁቤ፣ በሌላው በአማርኛ፣ በሦስተኛው በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። «ጀማል» አንዱ ላይ «ጃማል» ይሆናል፤ የአያት ስም አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ማስተካከያው የጥቂት ቀናት ምልልስ ነው። ካረፈ በኋላ ግን ምስክርና የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠይቃል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሁሉንም የቤተሰብ አባል መታወቂያ፣ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ፣ የባንክ ደብተር፣ የጡረታ መለያ፣ የመሬት ወይም የቤት ካርታ፣ የእድር ደብተር አንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ማንበብ የሚችል ልጅ ካለ ስሞቹን ጮክ ብሎ እየፈደለ ያንብብ፤ እናንተ አስተያዩ። የተለያየውን ስም በወረቀቱ ላይ ጻፉና ጎኑ ላይ መቼ ቀበሌ እንደሚኬድ ቀኑን አስቀምጡ፤ ከጥቅምት በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ለቀማ ከተጀመረ ማንም ጊዜ አይኖረውም። ሰነዶቹን አንድ ሳጥን ውስጥ አድርጉ፤ ኮፒያቸውን ሌላ ቤት፣ ለምሳሌ እኅት ቤት። ቁልፉ የት እንዳለ ሁለት ሰው ይወቅ።